በእንጨት ጫፍ የተመለሱ መሐረቦች

መርፌ አይወደኝም፤ እኔም አልወደውም። በልጅነቴ ከጨርቁ ይልቅ ጣቴን የምወጋ ልጅ ነበርኩ። እናቴ ሥራዬን ገልጣ እያየች «ክሩን ነጭ ነበር የሰጠሁሽ፤ ይሄ ቀዩ ከየት መጣ?» ትለኝ ነበር። ስለዚህ መርፌውን ትቼ ወረቀት ያዝኩ። አባቴ ግንበኛ ስለነበረ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ከሥራ ቦታው አጣጥፎ ያመጣልኛል። የሲሚንቶ ከረጢት ድርብርብ ነው። ሲሚንቶ የነካው ይጣላል፤ መሐል ላይ ያለው ግን ንጹሕና ጠንካራ ነው። እሱን በእርድ ውሃ ነክሬ፣ ቆርቆሮ ላይ አስጥቼ፣ በመቀስ እየቆረጥኩ አደይ አበባ እሠራበታለሁ። ማጣበቂያው ከዱቄት የተቀቀለ ኮላ ነው። ዱቄት በኅብረት ሱቅ በሰልፍ በሚታደልበት ዘመን ለኮላ ብዬ አንድ ጭልፋ ስሰርቅ ተይዤ የቀመስኩት ዱላ ዛሬም ትዝ ይለኛል። አበባውን ግን ጨረስኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፤ እኔ ሁለቱንም ነበርኩ።

ይህን ሁሉ የምለፋው ለስጦታ ነበር። በደርግ ጊዜ፣ ኮልፌ እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት፣ እኛ ሴቶቹ የራሳችን ወግ ነበረን። ክረምቱ ወጥቶ ትምህርት ሲከፈት፣ ከመስቀል ማግስት ጀምሮ ጥቅምት እስኪጋመስ፣ እያንዳንዷ ልጅ ለጓደኛዋ በእጇ የሠራችውን ትሰጣለች። የተገዛ ነገር አይቆጠርም፤ ደግሞስ ምን የሚገዛ ነበር? ሥራው የወቅቱ መሆን አለበት፤ አደይ፣ የመስቀል ወፍ፣ ችቦ፣ ያሸተ እህል። መርፌ የሚያውቁት መሐረብ ይጠልፋሉ፣ እንደኔ ያሉት ወረቀት ይሠራሉ። ዋናው ደንብ ደግሞ ይሄ ነው፦ ስጦታ ትምህርት ቤት ውስጥ አይሰጥም፣ ቤት ድረስ ይወሰዳል። ይዛ የሄደችው ልጅም አንድ ነገር ሳትቀምስ ከዚያ ቤት አትወጣም። ዳቦ ይሁን ቆሎ ግድ የለም፤ ካልበላች ግን ስጦታው እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። ደንቡን ማን እንዳወጣው አላውቅም። ምናልባት አንዲት የራባት ልጅ ትሆናለች።

ሰባተኛ ክፍል ስንገባ አንዲት አዲስ ልጅ አጠገቤ ተቀመጠች። ቀጭን፣ ጠይም፣ ሰው ካላናገራት የማትናገር ልጅ ናት። ቤትሽ የት ነው ሲሏት «ጦር ኃይሎች አካባቢ» ትላለች። ጦር ኃይሎች የቱ ጋ ሲሏት ደግሞ የሒሳብ ደብተሯን ትከፍታለች። በመጀመሪያው ፈተና ከክፍሉ አንደኛ ወጣች። ሁለተኛ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ እስከዚያ ድረስ አንደኛዋ እኔ ነበርኩ። ይህን የምጽፈው ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም። ክፉ ሥራዬ ከየት እንደጀመረ እንዲታወቅ ብዬ ነው።

በዚያው ዓመት ከመስቀል በኋላ አንድ ጠዋት ደብተሬን ስከፍት በመሐሉ መሐረብ አገኘሁ። ነጭ አቡጀዴ ነው፤ አንዱ ጥግ ላይ ሦስት አደዮች ተጠልፈውበታል። አደይ ሁላችንም እንጠልፋለን፤ ዙሪያውን ቢጫ፣ መሐሉ ላይ ነጥብ፣ አለቀ። የእሷ ግን አንዱ ገና እንቡጥ ነው፣ አንዱ ፈክቷል፣ ሦስተኛው አንገቱን ደፍቶ መርገፍ ጀምሯል። ቢጫው ራሱ ሦስት ዓይነት ቢጫ ነበር። የኮልፌ ገበያ ክር ሻጮች ሁሉ ተሰብስበው ቢመጡ ሦስት ዓይነት ቢጫ አይገኝባቸውም።

«ክሩን ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

«ዘመድ አለን፣ ጥልፍ ቤት የሚሠራ።»

«የት ያለ ጥልፍ ቤት?»

ደብተሯን ከፈተች።

የእኔን ስጦታ ቤቷ ይዤላት እንደምሄድ ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። «እናቴ ታማለች፣ ሰው ሲመጣ አትወድም። እዚሁ ስጪኝ በቃ» አለችኝ። ደንቡ አይፈቅድም ብላትም ለምና አስለቀቀችኝ። የሰጠኋትን የወረቀት አደይ በሁለት እጇ ይዛ ብዙ አየችው። ከዚያ አሸተተችው። «ወጥ ወጥ ይላል» ብላ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። እርዱን አብዝቼው ኖሯል። ያን ቀን እወዳት ነበር። ይህም እውነት ነው፣ አልክድም።

እሷ የሰው ቤት መሄድ አትፈራም ነበር። እኛ ቤት እየመጣች አብረን እናጠናለን፣ አብረን እንበላለን። እናቴ መሐረቡን ከእኔ ነጥቃ የሬዲዮ ልብስ አደረገችው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «የልጄ ጓደኛ ሥራ ነው» እያለች ታሳያለች። እኔን ዞር ብላ እያየች ደግሞ «ምነው እጇ በተጋባብሽ!» ትላለች። ይህን ስትል እሰማና ጥርሴን እነክሳለሁ።

ስምንተኛ ክፍል ስንደርስ ከእሷ መሐረብ ያላገኘች ልጅ የቀረች አትመስልም ነበር። እኔን ጨምሮ ዘጠኝ ሆነናል። አንዷ የመስቀል ወፍ አላት፣ አንዷ አበባው የቀላ ዛፍ፣ አንዷ የጤፍ ነዶ። ሁሉንም የሰጠችው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ደንብ ስታፈርስ ማንም አልተቆጣትም፤ ቆንጆ ነገር ለሚሰጥ ሰው ደንብ ይላላል። እኔ በሲሚንቶ ወረቀቴ ከቤት ቤት እየዞርኩ ደንብ አከብራለሁ። ማንም ስጦታዬን የሬዲዮ ልብስ አላደረገውም።

በዚያ ዓመት ትምህርት ቤታችን ከፍተኛው፣ የቀበሌዎቹ የበላይ አስተዳደር፣ ላዘጋጀው ኤግዚቢሽን የእጅ ሥራ እንዲያቀርብ ታዘዘ። የእጅ ሥራ መምህርታችን የሁላችንንም ሥራ ጠረጴዛ ላይ ደርድራ አንድ በአንድ ታነሣ ጀመር። የልጅቱን መሐረብ ስታነሣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ አገላበጠችው። ከዚያ «ይሄ ይሄዳል» አለች። የእኔን የወረቀት አበባ በሁለት ጣቷ ጫፍ አንጠልጥላ «ይሄስ ምንድን ነው? ሽሮ የተደፋበት ጋዜጣ?» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህርታችን ቀልደኛ መሆኗን ትወድ ነበር። እኔ ግን ያየሁት መምህርቷን አይደለም። ያየሁት አጠገቤ የተቀመጠችውን ነው። በመዳፏ አፏን ሸፍና ትስቃለች።

ክፍሉ በሙሉ ሲስቅብኝ ዋጥ አድርጌው ነበር። የእሷን ግን መዋጥ አቃተኝ። ያን ዕለት ማታ የመስቀል ወፍ መሥራት ጀመርኩ። ክንፏ የሚገለጥና የሚታጠፍ፣ ደረቷ ከሲጋራ ፓኮ በወጣ ብርማ ወረቀት የተለበጠ። በሕይወቴ የሠራሁት ምርጡ ነገር ነው። ሐሳቤ ግልጽ ነበር፤ ሳልጠራ ቤቷ እሄዳለሁ። ደንቡ ከእኔ ጋር ነው። የምትደብቀው ነገር ካለ አያለሁ። ድህነት ይሆናል ብዬ ነበር የገመትኩት። ቤታቸው የጭቃ ጎጆ ሆኖ፣ አልጋቸው መደብ ሆኖ ባየው፣ ያቺ ሳቅ ከሆዴ የምትወጣ መስሎኝ ነበር።

አርብ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስትወጣ ተከተልኳት። ውይይት ታክሲ አልያዘችም፣ በእግሯ ነው የምትሄደው። ጦር ኃይሎች ስንደርስ ትታጠፋለች ብዬ ስጠብቅ ቀጥ ብላ አለፈች። ሄደች፣ ሄደች። ወደ ዘነበወርቅ የሚወስደውን መንገድ ስትይዝ ቆም አልኩ። ያን ጊዜ በእኛ ሰፈር ዘነበወርቅ ማለት ሆስፒታሉ ነው፣ ሆስፒታሉ ማለት ሥጋ ደዌ ነው። እናቴ በዚያ በኩል ስናልፍ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ትይዛለች። በሽታው በነፋስ ይመጣል የሚል ነበር፣ በዘር ነው የሚል ነበር፣ ጥላቸውን የረገጠ ይይዘዋል የሚል ሁሉ ነበር። መመለስ ነበረብኝ። ግን ምቀኛ ሰው ወሬ ሲሸተው መንገድ አይበዛበትም።

አንድ ግቢ ገባች። ደርሼ በሩን ስቆረቁር ራሷ ከፈተች። ከንፈሯ ደርቆ ነጭ ሆነ።

«ስጦታሽን አመጣሁልሽ» አልኳት፣ ወፏን ዘርግቼ።

«ለምን መጣሽ?» አለች በሹክሹክታ።

ከውስጥ የሴት ድምፅ መጣ። «ማን ናት? ጓደኛሽ ናት? ታዲያ በር ላይ ታቆሚያታለሽ እንዴ? ግቢ የኔ ልጅ!»

ገባሁ። ቤቱ ንጹሕ ነው። ግድግዳው ጋዜጣ ተለጥፎበታል፣ አልጋው ተነጥፏል፣ መስኮቱ ሥር በእንጨት ቀለበት የተወጠረ ትልቅ የጠረጴዛ ልብስ አለ። ዙሪያውን በአደይ ተጠልፏል። እናቷ ከጨርቁ ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሊስሙኝ ሲነሡ እጃቸውን አየሁ። ጣቶቻቸው አልቀዋል፤ የቀረው መዳፍና ጉርድ ነው። ልጅቱ መርፌ እየሰካችላቸው፣ እሳቸው በሁለት ጉርድ ጣት መሐል ቆንጥጠው ይሠራሉ። ጉንጬን ሳሙኝ። ደርቄ ቀረሁ።

ወፏን ሰጠኋቸው። ክንፏን በመዳፋቸው ጫፍ ገለጥ፣ አጠፍ፣ ገለጥ፣ አጠፍ እያደረጉ እንደ ሕፃን ሳቁ። «ይሄን አንቺ ነሽ የሠራሽው? ከወረቀት? እኔኮ ጥልፍ ነው የማውቀው፤ እንዲህ ያለውን አልችልም» አሉኝ። ከዚያ በፊት ሥራዬን እንደዚያ ያመሰገነኝ ሰው አልነበረም። ከዚያም በኋላ የለም።

ልጅቱ እንጀራ በሽሮ አቀረበች። የምሄድበትን ሰበብ ስፈልግ እናቷ አንድ ቁራሽ በሁለት መዳፋቸው መሐል ጠቅልለው ወደ አፌ አመጡት። ጉርሻ እምቢ አይባልም። ዓይኔን ጨፍኜ ዋጥኩት። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው ሁለተኛውን ጠቀለሉ። እሱንም ዋጥኩት። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ነበር፣ እያየችኝ እንደሆነ ግን አውቃለሁ።

ከዚያ እናቷ አጠገባቸው አስቀመጡኝና ነገሩኝ። ከታከሙ አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው። ድነዋል። በሽታው ለቋቸዋል፣ የቀረው ጠባሳው ብቻ ነው። የዳኑ ሕሙማን ጥልፍ በሚሠሩበት ቤት ይሠራሉ፤ ክሩም የሚመጣው ከዚያ ነው። የልጅቱን መሐረቦች ግን እሳቸው አልነኳቸውም። «እንዳትነኪብኝ ትላለች፤ እውነቷን ነው» አሉ። ሰው ቢያውቅ ምን እንደሚል ያውቁታል። ከዚህ በፊት ሁለት ትምህርት ቤት ቀይራለች። ልጆቹ ሲያውቁ ከወንበራቸው ይነሣሉ፣ ድንጋይ ይወረውሩባታል፣ ትታ ትመጣለች።

«አሁን የቀረን ይህቺ ዓመት ናት» አሉኝ። «ሚኒስትሪን ትውሰድ እንጂ ከዚያ በኋላ ነርስነትም አለ፣ ምኑም አለ። ለዘጠነኛ ሌላ ትምህርት ቤት ትገባለች። እስከ ሰኔ ያዢላት። እባክሽ የኔ ልጅ፣ ለማንም አትንገሪብኝ።»

«ማርያምን አልናገርም» አልኩ።

«ማርያም ትባርክሽ» አሉኝ፤ በዚያ እጃቸው ፀጉሬን ዳሰሱኝ።

ልጅቱ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። ስንለያይ «ያን ቀን ስለሳቅሁብሽ ይቅርታ» አለችኝ። «የቱን ቀን?» አልኳት። እሷ እንኳ ታውቀው ነበር፤ እኔ ግን አላውቅም አልኩ።

ቤት ስደርስ አፌን በሳሙና አጠብኩ። ጉንጬን በአመድ ፈተግኩ። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ብነግራት እኔንም የምትፈትገኝ በሳሙና አልነበረም። ሥጋ ደዌ የያዘው ሰው ጣቱ አይሰማውም ሲሉ ሰምቼ ስለነበረ በየማታው ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ጣቴን በመርፌ እወጋለሁ። አሥሩንም፣ ተራ በተራ። ሲያመኝ ደስ ይለኛል። ጠዋት ከእሷ አጠገብ እቀመጣለሁ። ክርኗ ሲነካኝ ክርኔን እሰበስባለሁ። አየችኝ፤ የራሷን ወንበር ጥግ ይዛ በመሐላችን ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ተወችልኝ።

አሥራ አንድ ቀን ቻልኩ። የቻልኩት ለመሐላዬ ብዬ እንዳይመስላችሁ። እናቷ ያጎረሱኝ ሁለት ጉርሻ ነው አፌን የያዘው፤ እሷን ሳወጣ ራሴንም ማውጣቴ ነው ብዬ ፈርቼ ነው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለና መፈክሩ ካለቀ በኋላ ዳይሬክተሩ ስሟን ጠሩ። መሐረቡ በከፍተኛው ኤግዚቢሽን አንደኛ ወጥቶ ኖሯል። ቀይ ማኅተም ያረፈበት የምስክር ወረቀት ተሰጣት፤ ተማሪው በሙሉ አጨበጨበ። አጠገቤ ቆማ የነበረችው ረጅሟ ልጅ፣ የክፍላችን አውራ፣ ጉንፋን ይዟት ስለነበረ የጤፍ ነዶ የተጠለፈበትን መሐረቧን አውጥታ አፍንጫዋን እየጠረገች «እጇ ወርቅ ነው እኮ! አንቺስ ያን ሽሮሽን ምን አደረግሽው?» አለችኝና ሳቀች።

«አፍንጫሽን አትጥረጊበት» አልኳት።

«ለምን?»

ያኔ እንኳ ዝም ማለት እችል ነበር። «ዝም ብዬ ነው» ብል ይበቃ ነበር። እኔ ግን ነገርኳት። ሰፈሩን ነገርኳት፣ እናትየዋን ነገርኳት፣ እጃቸውን ነገርኳት። በዚህም አልበቃኝም። «መሐረቡን የሚጠልፉት እናትየዋ ናቸው፣ በዚያ እጃቸው» አልኳት። ይህ ውሸት ነበር፣ ውሸት መሆኑንም አሳምሬ አውቅ ነበር። እውነቱ ብቻ የሚበቃት አልመሰለኝም። ረጅሟ ልጅ መሐረቡን መሬት ላይ ጣለችው፤ አፍንጫዋን በዩኒፎርሟ እጅጌ እስኪቀላ ፈተገችው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እስከ ማግስቱ ጠዋት ያልሰማ አልነበረም።

በማግስቱ ክፍል ስገባ ልጆቹ ቀድመውኛል። መሐረቦቻቸውን ይዘው መጥተዋል፤ በእጃቸው ግን አይደለም። ሁሉም ከአጥሩ ሥር እንጨት ሰብረው በጫፉ አንጠልጥለውታል። ተራ በተራ እየመጡ እሷ የምትቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ ይጥሉታል። አንዷ ስትጥል ሌላዋ «ኧረ ነካሽው!» ትላለች፤ ጩኸትና ሳቅ ነው። የመስቀል ወፏ፣ የቀላው ዛፍ፣ ትናንት ከተጣለበት መሬት በእንጨት የተነሣው የጤፍ ነዶም ሳይቀር፣ ሁሉም እዚያ ተከመረ። ወንዶቹ ወንበር ላይ ወጥተው ያያሉ። ከዘጠኙ የቀረው የእኔ ብቻ ነበር፤ እሱ ቤት ሬዲዮ ላይ ነው።

እሷ ሁልጊዜ የምትመጣው ትንሽ አርፍዳ ነው፣ መንገዱ ሩቅ ነው። በሩ ላይ ስትደርስ ጩኸቱ ቆመ። ጠረጴዛውን አየች። ከዚያ ወደ እኔ አላየችም። ይህን እስከ ዛሬ ልረዳው አልቻልኩም፤ ምስጢሯን የሚያውቅ ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም እኮ። ቀስ ብላ መጥታ መሐረቦቹን አንድ በአንድ አነሣች። አቧራቸውን አራገፈች። አራት ማዕዘን እያደረገች ታጥፋቸው ጀመር።

«ቆማጣ!» አለ አንዱ ከኋላ።

ዞር አላለችም። አራተኛውን አጠፈች።

በዚህ መሐል ረጅሟ ልጅ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ላይ አንድ ነገር ሲበራ አየሁ። «ቆይ፣ ቆይ። አንቺ ይሄን ሁሉ እንዴት አወቅሽ? ቤቷ ሄደሽ ነበር?»

«ስጦታ ላደርስላት» አልኩ።

«ስጦታ ይዘሽ ከሄድሽማ በልተሻል።»

«ደንብ ነዋ!» አለች ሌላዋ። «ሳይበላ አይወጣም። ከዚያ እጅ በልታለች!»

በዙሪያዬ የነበሩት ልጆች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። አንድ እርምጃ ብቻ ናት። አጠገቤ የነበረችው ልጅ ቦርሳዋን ከወንበሬ ላይ አነሣች። እጆቼን ከጀርባዬ ደበቅሁ፤ በመርፌ የተበሳሱት ጣቶቼ ቢታዩ የምሞት መሰለኝ።

«አልበላሁም!» አልኩ። «ቤትም አልገባሁም። በር ላይ ሰጥቻት ነው የተመለስኩት። ማርያምን!»

ማንም አላመነኝም። ረጅሟ ልጅ እኔን ትታ ወደ እሷ ዞረች። ሁሉም ዞረ። «እውነቷን ነው? አልበላችም?»

መሐረብ ማጠፏን አቆመች። አሁን አየችኝ። እንደዚያ ለረጅም ጊዜ ያየችኝ ያን ቀን ብቻ ነው። አንድ ቃል ይበቃት ነበር። «ሁለት ጉርሻ» ብትል ያለቀልኝ ነበር። የእኔም ዳቦ የሚነካው አያገኝም ነበር፣ የእኔም ወንበር ባዶውን ይቀር ነበር፣ እናቴም ሰምታ ምን እንደምታደርገኝ እግዜር ያውቃል። ደግሞስ ብትለው ምን ይፈረድባታል? ውሸት አይደለም፤ እውነት ነው።

«አልበላችም» አለች። «እናቴ ግቢ ብላ ለመነቻት፣ እምቢ አለች። በር ላይ ነው የቆመችው።»

የቀሩትን መሐረቦች አጥፋ ጨረሰች። ስምንቱንም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች። መምህራችን በር ላይ አግኝቷት «አንቺ፣ ወዴት ነሽ?» አላት። «አሞኝ ነው ቲቸር» አለችው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ካልሳቅሁ የሚጠረጥሩኝ መስሎኝ።

ከዚያ በኋላ አልመጣችም። ወሬው እናቴ ጋ ሲደርስ የሬዲዮውን ልብስ በእሳት መቆንጠጫ አንሥታ ግቢ ውስጥ አቃጠለችው፤ ልጅቱ የበላችበትን ሳህንም ሰበረችው። ሰኔ ላይ ሚኒስትሪ ስንፈተን ፈታኙ ስሟን ሦስት ጊዜ ጠራ፤ ከዚያ እስክሪብቶውን አውጥቶ ሰረዘው። እኔ አለፍኩ። ዘነበወርቅ በእግር ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ አውቅ ነበር፤ ቤቱንም አውቀው ነበር። አልሄድኩም። ዛሬ የልጅ ልጅ አይቼ፣ በሽታው በመሐረብ እንደማይተላለፍ፣ የታከመ ሰውም እንደማያስተላልፍ ሐኪም ሲያስረዳ ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። ያኔ ባውቀውስ ኖሮ? ያኔም የምናገር ይመስለኛል። በሽታውን ፈርቼ አልነበረማ የተናገርኩት።

በዚያው ጠዋት፣ እሷ ከሄደች በኋላ፣ የዕረፍት ደወል ተደወለ። ረጅሟ ልጅ ግቢው ውስጥ ግንቡ ላይ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ። ሌሎቹም መጥተው ተጠጉኝ። ስለ ቤቱ፣ ስለ ሰፈሩ፣ ስለ በሩ ይጠይቁኛል፤ እኔም በር ላይ ቆሜ ያየሁትን እነግራቸዋለሁ። ረጅሟ ልጅ ዳቦዋን አውጥታ ለሁለት ገመሰችና ትልቁን ግማሽ ሰጠችኝ።

ርቦኝ ነበር። በላሁ።